በጾም ወራት የአጥንት ጥንካሬ እንዴት ይጠበቃል?

ጥያቄ፦ እናቴ 58 ዓመታቸው ነው። አጽዋማቱን ሁሉ ስለሚጾሙ ለብዙ ወራት ወተት አይቀምሱም። ካልሲየም ከምን ያገኛሉ?

መልስ፦ ጤፍ ከስንዴና ከሩዝ የበለጠ ካልሲየም አለው፤ ሊጡ ሲቦካም ማዕድኑ ወደ ሰውነት እንዳይገባ የሚያግደው ፋይቴት ስለሚቀንስ እንጀራው ይጠቅማል። ጎመንና ሰሊጥም ይታከሉ። ሆኖም ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ሴቶች የሚመከረው በቀን 1200 ሚሊግራም በመሆኑ፣ በጾም ምግብ ብቻ መሙላቱ ቀላል አይመስለኝም፤ ስለ እንክብል ሐኪም ያማክሩ።

ሌላ መልስ፦ የወር አበባ ሲቋረጥ ኤስትሮጅን የተባለው የሴቶች ሆርሞን ስለሚቀንስ አጥንት በፍጥነት ይሳሳል። ካልሲየም ከአንጀት እንዲመጠጥ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋልና ፀሐይ ይሙቁ፤ በእግራቸውም ይሂዱ (ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መመለስም ይቆጠራል)።

ጠያቂው፦ አምና ቤት ውስጥ አዳልጧቸው የእጅ አንጓቸው ተሰብሮ ነበር።

መልስ፦ እንግዲያው የአጥንት ጥግግት ምርመራ ሳይዘገይ ይደረግላቸው።