በሰያፍ የቆመ አጋዘን ላይ የት ማነጣጠር ነበረብኝ?

የአደን ልምድ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ምክራችሁን በትሕትና እጠይቃለሁ። የምኖረው በቨርጂኒያ ሲሆን፣ ፈቃድ አውጥቼ ነጭ ጭራ አጋዘን ማደን ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ በ80 ሜትር ርቀት ላይ፣ ደረቱን በመጠኑ ወደ እኔ አዙሮ በሰያፍ የቆመ ወንድ አጋዘን አግኝቼ፣ ጎኑን ሙሉ በሙሉ ለሰጠ እንስሳ እንደማደርገው ከፊት እግሩ ጀርባ አነጣጥሬ ተኮስኩ። ልቡ ወይም ሳንባው የተመታ አጋዘን ብዙውን ጊዜ ዘሎ፣ እግሩን አወራጭቶ ይፈተለካል፤ ይህኛው ግን ጀርባውን አጉብጦ፣ ጭራውን ጥሎ፣ ቀስ እያለ ወደ ጫካው ገባ። በቆመበት ያገኘሁት ደም አረፋ ያለው ደማቅ ቀይ ሳይሆን ጠቆር ያለና አረንጓዴ ፈርስ የተቀላቀለበት ነበር፤ ሽታውም ቢሆን በግ አርዶ ለሚያውቅ ሰው አይጠፋውም። ግማሽ ሰዓት ብቻ ጠብቄ ዱካውን በመከተሌ ከተኛበት አስነሥቼ አራቅኩት፤ ያገኘሁት በማግስቱ ሞቶ ነው፣ በስቃይ ማደሩም እስካሁን ይከነክነኛል።

እንዲህ ባለ አቋቋም ላይ ነጥቡን ወደ ቅርቡ ትከሻ ፊት ማምጣት ይበቃል፣ ወይስ ጎኑን እስኪሰጥ ድረስ ጨርሶ አለመተኮስ ይሻላል? ጉበቱ የተመታውን ጨጓራው ከተመታው በአኳኋኑ መለየትስ ይቻላል? ዱካውን ከመከተሌ በፊት ስንት ሰዓት ልጠብቅ?