ለገብስ ክሽክሽ የምናቀርበው የጋራ ፕሮፖዛል፦ ምን ይግባ? ምን ይውጣ?

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ክሽክሽ የተባለውን የገብስ ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ ለመከላከል የምናቀርበውን ፕሮፖዛል ረቂቅ አይታችሁታል። አብዛኛው በጀት ለመርጫ መሣሪያና ለመድኃኒት ነው የተያዘው። ሐሳባችሁን እዚሁ ጻፉ፣ ሐሙስ እንዘጋዋለን።

የሰብል ጥበቃ ባለሙያ፦ እኔ በበጀቱ አልስማማም። ይሄ ክሽክሽ ቅጠሉን ጠቅልሎ ውስጡ ነው የሚኖረው፣ ላይ ላዩን የሚረጭ መድኃኒት እንደ ልብ አያገኘውም። ሴቶቹ ደግሞ ያለ ወንድ ስለሚወልዱ ከርጭት የተረፉት ጥቂቶች ብዙም ሳይቆዩ ማሳውን መልሰው ይሞሉታል። ገንዘቡ ዘር ላይ ይዋል። ገብስ እኮ ዝም ብሎ አይበላም! ግራሚን የሚባል ክሽክሽ የማይወደው ንጥረ ነገር በቅጠላቸው የሚያመርቱ ዝርያዎች አሉ። ክሽክሹ መርፌ የመሰለ አፉን ሰክቶ መምጠጥ ሲጀምር ተክሉ ስኳር የሚያመላልስባቸውን ቧንቧዎች ካሎስ በሚባል ነገር ለመድፈን ይሞክራል፣ ክሽክሹ በበኩሉ በምራቁ የተክሉን መከላከያ ለማክሸፍ ይታገላል። ማን እንደሚያሸንፍ በአብዛኛው የሚወስነው ዝርያው ነው።

ገበሬ አባል፦ ልጄ፣ ያልከው ገብቶኛል። ግን ክሽክሽ ብቻ እየቆጠራችሁ ዘር እንዳትጥሉ። እኛ ጋ ክሽክሽ እያለበትም እህል የሚሰጥ ጥቁር ገብስ አለ። ነጩ ግን ቅጠሉ ነጭ መስመር ያወጣል፣ ዛላው በተጠቀለለው ቅጠል ተይዞ ተጣሞ ይቀራል።

የሰብል ጥበቃ ባለሙያ፦ ጋሼ፣ ትልቁን ነገር ነው ያነሱት። አሜሪካዊው የነፍሳት ተመራማሪ ሬጂናልድ ፔይንተር እ.ኤ.አ. በ1951 የተክልን መከላከያ በሦስት ከፍሎታል፦ ተባዩ እንዳይመርጠው ማድረግ፣ የተባዩን ዕድገትና መራባት መጉዳት፣ ጥቃቱን ችሎ ምርት መስጠት። የእርስዎ ጥቁር ገብስ ሦስተኛው ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ እያንዳንዱን ዝርያ በሁለት መደብ እንዝራ፣ አንዱን ከክሽክሽ እንጠብቅ፣ ሌላውን እንተወው። የምርቱ ልዩነት ይነግረናል።

ወጣት አባል፦ አንድ ዝርያ ብቻ መርጠን ለሁሉም እንዳናከፋፍል አደራ። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ይህንኑ ክሽክሽ የሚቋቋም «ሃልት» የተባለ ስንዴ እ.ኤ.አ. በ1994 ወጥቶ ነበር። በ2003 ግን መከላከያውን የሚያልፍ አዲስ ዓይነት ክሽክሽ ተገኘ። እኛ በአንድ ማሳ እንኳ ድብልቅ የምንዘራ ሰዎች ነን፣ ይህን ሀብት በእጃችን አናጥፋ። ሌሎች ክሽክሾች የሚያስተላልፉትን ገብስ የሚያቀጭጭ ቫይረስ የሚቋቋመው ዋይዲ2 የተባለው ዘረ መል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ይህ ፕሮፖዛሉ መግቢያ ላይ ይግባ!

አስተባባሪ፦ ተቀብያለሁ። መርጫው ይቀነሳል፣ ለዘር ማሰባሰቢያና ለሁለቱ መደቦች ይዞራል። ሙከራው በበልግ ይሁን፣ ክሽክሹ የሚበረታው ዝናብ ሲቆራረጥ ነውና። የፕሮፖዛሉን የማሳ ሙከራ ክፍል ባለሙያችን ይጻፍ።

ሴት አባል፦ ዘር ስትሰበስቡ ባሎቻችንን ብቻ ጠይቃችሁ እንዳትሄዱ። እኛ ቤት ዘር መርጠን የምናስቀምጠው ሴቶች ነን። የትኛው ለጠላ፣ የትኛው ለቆሎ እንደሚሆንም አብራችሁ መዝግቡ፣ ክሽክሽ ቢችልም ለምግብ የማይሆን ገብስ ማንም አይዘራም።

አስተባባሪ፦ ልክ ነሽ እታለም፣ ይጨመራል። የመጠይቁን ቅጽ አንቺ አዘጋጂልን፣ እስከ ረቡዕ ይድረሰኝ።