ካልሲኒውሪን ሲዘጋ እርሾዬ ለምን አይላቀቅም?

የእርሾዋ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ስራዬ በሽዞሳካሮማይሰስ ፖምቤ ላይ ነው፤ ያ ዘንግ የሚመስለው፣ መሃሉ ላይ ግድግዳ ሰርቶ ለሁለት የሚከፈለው እርሾ። ካልሲኒውሪን የሚባለውን ኢንዛይም የሚዘጋ መድሃኒት፣ ኤፍኬ506፣ ጨምሬበት አደረ። ጠዋት ኑክለሱን በሚያሳየው ዳፒና የሴሉን ግድግዳ በሚያሳየው ካልኮፍሎር ቀልሜ ሳየው ኑክለሶቹ በደንብ ተከፍለዋል። ሴሎቹ ግን አልተላቀቁም፤ አንዱ ላይ ሁለት ሦስት ግድግዳ አለ። አማካሪዬ «ካልሲየም ክፍፍልን ይቆጣጠራል» ብለው አለፉ። የትኛውን ክፍፍል?

ጋውን ለባሽ፦
ጎበዝ፣ ዋናውን አይተሻል። ኑክለሱ ከተከፈለ ማይቶሲሱ፣ ማለትም የኑክለሱ ክፍፍል፣ አልቆመም። የተጓተተው ሳይቶኪኔሲሱ ነው፤ ሴሉ ራሱ ለሁለት የሚለያይበት ደረጃ። ሴሉ ውስጥ ካልሲየም ሲጨምር ካልሞዱሊን ይይዘዋል፣ ካልሞዱሊን ደግሞ ካልሲኒውሪንን ያነቃዋል። የካልሲኒውሪን ስራ ከሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት ማንሳት ነው። ኤፍኬ506 ለብቻው አይዘጋውም፤ ኤፍኬቢፒ12 ከሚባል ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ነው የሚዘጋው።

በ1994 ዮሺዳ፣ ቶዳና ያናጊዳ የፖምቤን የካልሲኒውሪን ጂን፣ ፒፒቢ1ን፣ አጥፍተው አዩት። እርሾው አልሞተም። በ22 ዲግሪ ሲያድግ ግን ሳይቶኪኔሲሱ በጣም ዘገየ፤ ብዙ ግድግዳ ያላቸው ትልልቅ ሴሎች ወጡ። ያንቺው ነው እንግዲህ። እስኪ ንገሪኝ፣ ያደረው ኢንኩቤተር ውስጥ ነው ወይስ ጠረጴዛ ላይ?

የእርሾዋ ልጅ፦
ጠረጴዛ ላይ። መብራት ጠፍቶ ነበር።

ጋውን ለባሽ፦
ጠርጥሬ ነበር! የአዲስ አበባ ሌሊት ከ22 ዲግሪም ይወርዳል። በ30 ዲግሪ ድገሚውና አወዳድሪ። መድሃኒት ያልነካውም፣ ኤፍኬቢፒ12 የሌለው ዝርያም ጎን ለጎን ይኑሩ። ኤፍኬቢፒ12 የሌለው ላይ መድሃኒቱ ጨምረሽም ግድግዳው ከተደራረበ፣ ነገሩ የካልሲኒውሪን አይደለም። ሌላ ቀላል ፈተና ልጨምርልሽ፦ ካልሲኒውሪን ያጣ ፖምቤ ክሎራይድ የበዛበት ማሳደጊያ ሚዲያ ላይ አያድግም። ማግኒዚየም ክሎራይድ ደግሞ የትም ላቦራቶሪ አይጠፋም።

ፋርማሲስቷ፦
ጣልቃ ልግባና፣ ይሄ ኤፍኬ506 እኛ ታክሮሊመስ ብለን ኩላሊት ለተተከለላቸው የምንሰጠው አይደል እንዴ? ፈንገስን ከጎዳ ለምን ለፈንገስ አይታዘዝም?

ጋውን ለባሽ፦
እሱው ነው። ኤችአይቪ ያለባቸውን ሰዎች በማጅራት ገትር የሚያጠቃው ክሪፕቶኮከስ ኒዮፎርማንስ ያለ ካልሲኒውሪን በ37 ዲግሪ ማደግ አይችልም። ስለዚህ ሃሳቡ ያጓጓል። ችግሩ መድሃኒቱ የታማሚውንም ካልሲኒውሪን ይዘጋል፤ በሽታ የሚከላከሉት ቲ ሴሎቹ ይተኛሉ። መከላከያው ለደከመ ሰው ይሄን እንዴት ትሰጪዋለሽ? የሚፈለገው የፈንገሱን ለይቶ የሚይዝ ሞለኪውል ነው። አስቸጋሪው ደግሞ የኛና የነሱ ኢንዛይም በጣም መመሳሰሉ ነው።