«አሮጌ ጭቃ» ያለው ማነው?

የፒያሳ ልጅ፦ ትናንት የድሮ ጭቃ ቤቶቻችን ለመንገድ ይፍረሱ ወይ በተባለበት የሰፈራችን ስብሰባ አንዱ ተነስቶ «ደሴ ውስጥ ቅርስ ካላችሁ አይጠየፍ አዳራሽ ነው፣ የመርሆ ቤተ መንግሥት ግቢ ነው። ሌላው አሮጌ ጭቃ ነው፤ ይፍረስ» አለ። ተጨበጨበለት! ደሜ ፈልቶ ወጣሁ።

ሆጤ፦ ጭቃ አይደለም እንዴ?

የፒያሳ ልጅ፦ ነው። የሐረር ጀጎል ግንብስ ድንጋዩን ምን ያያዘው መሰለህ? ዩኔስኮ በ1998 ሲመዘግበው «አሮጌ ጭቃ» አላለም።

ሆጤ፦ አብሽር ወንድሜ። አንተ ፎቶ ታነሳለህ፣ እኔ እኖርበታለሁ። የቀበሌ ቤት ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ሦስት ባልዲ እደረድራለሁ። ሽንት ቤቱ ለስድስት አባወራ አንድ!

የሸዋበሯ፦ ልጄ፣ ጭቃው ምን አደረገህ? በ1967 በአዋጅ 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ ቤቱ ጌታ አጣ። ኪራይ ተቀባይ እንጂ ቆርቆሮ ቀያሪ የለውም። አባቴ ነፍሱን ይማርና፣ ጭድ አስረግጦ ያቦካውን ጭቃ በየሁለት ዓመቱ ይመርግ ነበር። የጥድ ምሰሶው ዛሬም ምስማር ያጣምማል። ጎረቤታችን ዘመናዊ ነኝ ብሎ ግድግዳውን በሲሚንቶ ለሰነው። እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ማገሩ ከውስጥ በሰበሰ። ከላይ ሲያዩት ግን ያምራል።

ኮምቦልቼው፦ ከተማ ሙዚየም አይደለም። እኛ ፋብሪካ እንቆጥራለን፣ እናንተ ጭቃ ቁጠሩ።

የፒያሳ ልጅ፦ ሙዚየም አልክ? እዚሁ ደሴ ያለው የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት ሙዚየም ባይሆን ይቆም ነበር? በ2014 በጦርነቱ ዕቃው ተዘረፈ፣ ቤቱ ግን አለ።

ሆጤ፦ እሱማ የደጃዝማች ነው! የሸማኔ ቤት ሙዚየም ሲሆን አይተሃል?

የፒያሳ ልጅ፦ እኔስ ምን አልኩ? መኳንንቱን ብቻ አትቁጠሩ ነው የምለው። መንገዱ ሁለት ሜትር ይጠምዘዝ፣ ሰገነት ያላቸው ቤቶች ይመዝገቡ፣ ነዋሪው ልጠግን ሲል ፈቃድ ይሰጠው።

ሆጤ፦ በምን ገንዘብ? ፈቃድ ቆርቆሮ ይሆናል?

የሸዋበሯ፦ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል አዳራሹን አይጠየፍ ያሉት ድሃ ሀብታም ሳይለይ ስለሚበላበት ነው። አሁን በእሱ ስም እየማላችሁ የእኛን ጭቃ ተጠየፋችሁት።

ኮምቦልቼው፦ እትዬ፣ ግጥሙን ተዪልን።

የሸዋበሯ፦ አንተ ፋብሪካህን ቁጠር።

የፒያሳ ልጅ፦ ለመሆኑ ትናንት ያጨበጨቡት እነማን ነበሩ?

ሆጤ፦ አንዱ እኔ ነኝ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር።