«ባንዲቶ»ን «ሽፍታ» ወይስ «ወንበዴ» እንበለው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለቤቱ። በሜክሲኮ አብዮት ላይ የተሠራው የዳሚያኖ ዳሚያኒ ፊልም «ኪየን ሳቤ?» (እ.ኤ.አ. 1966) ሰብታይትል በአማርኛ ሲሠራ፣ «ባንዲቶ» የሚባለው ኤል ቹንቾ «ሽፍታ» ነው «ወንበዴ»? በመጨረሻ የሚያሳየው ለውጥስ «ንስሐ» ይባላል?

መልስ፦ «ሽፍታ» ይሻላል። የጣሊያንኛው ቃል ሥር «ባንዲሬ» ነው፤ ማወጅ፣ በአዋጅ ማባረር። ዝርፊያው በኋላ የመጣ ትርጉም ነው። «ሸፈተ»ም አልገዛም ብሎ ጫካ ገባ ማለት ነው፤ ሊዘርፍም ላይዘርፍም ይችላል። የቋራው ካሳ ሸፍቶ ኖሮ በ1847 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። «ወንበዴ» ግን ክብር የለውም። ደርግ የሰሜኑን አማፅያን «ወንበዴ» ሲል የኖረው ለዚሁ ነበር።

ሌላ መልስ፦ በከፊል እስማማለሁ። ቹንቾ ሲጀምር ነጋዴ ነው፤ ከባቡር የዘረፈውን ጠመንጃ ለአብዮተኞቹ መሪ ለጄኔራል ኤልያስ ይሸጣል። ስለዚህ ቃሉ እንደ ተናጋሪው ይለዋወጥ፦ ወታደሮቹ «ወንበዴ»፣ ገበሬዎቹ «ሽፍታ» ይበሉት።

«ንስሐ» ደግሞ ለአንድ ቦታ ብቻ ይሆናል። ቹንቾ ጥሏቸው የሄደው የሳን ሚጌል ሰዎች ማለቃቸውን ከኤልያስ ሲሰማ፣ የተፈረደበትን ሞት ይገባኛል ብሎ ይቀበላል። ጥፋትን አምኖ ለቅጣት መቆም፣ ያ ንስሐ ነው። አሜሪካዊውን ቅጥረኛ ኒኞን ባቡር ጣቢያ ላይ ሲገድለው ግን ሌላ ነገር ነው። ኒኞ ጄኔራሉን ገድሎ ያገኘውን የደም ዋጋ ግማሹን አካፍሎታል፤ ከዚያ ቲኬት ሊቆርጥ ተሰልፈው የቆሙትን ድሆች ገፍቶ ያልፋል። ቹንቾ ያን ጊዜ ነቃ። «ንቃተ ህሊና» እንዳትሉት አደራ፤ የ1960ዎቹ በራሪ ወረቀት ይሸታል። ቹንቾ «ለምን?» ሲባል እንኳ «ኪየን ሳቤ?» ከማለት በቀር ምክንያቱን መናገር አልቻለም።

ጠያቂ፦ እዚያ ላይ «ኪየን ሳቤ?» «ማን ያውቃል?» ይሆናል?

መልስ፦ ለርዕሱ አዎ። ለ«ለምን?» መልስ ሲሆን ግን የኛ ሰው አፍ ላይ የሚመጣው «እንጃ» ነው። ከዚያ ለሊስትሮው ልጅ ገንዘቡን ሰጥቶ ዳቦ እንዳትገዛበት ሲለው፣ «ዳይናማይት» ሳይሆን «ድማሚት ግዛ» ይበል።

ሌላ መልስ፦ ድማሚት ከተነሣ የሰርጂዮ ሊዮኔ ፊልም «ጁ ላ ቴስታ» (እ.ኤ.አ. 1971) አለ፤ እሱም በሜክሲኮ አብዮት ላይ ነው። ቃል በቃል «ራስህን ዝቅ» ነው፤ የአየርላንዱ ባለ ድማሚት ከፍንዳታው በፊት የሚጮኸው። «አንገትህን ድፋ» ከተባለ ተበላሸ፤ አንገት የሚደፋ ያፈረ ሰው ነው። «ጎንበስ በል!» ለፍንዳታው ይበቃል። ክፉ ዘመንን ጎንበስ ብሎ ማሳለፍ ስለምንል፣ አብዮቱ እስኪያልፍ መሸሸግ የሚለው ስላቅም በዚሁ ቃል ይገባል።