ወንድሜን «ለምን ደሴ አልኖርክም?» ቢሉት ምን ይመልስ?

ጠያቂ፣ ከደሴ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ወላጆቻችን በ1977ቱ ሰፈራ ከወሎ ወለጋ የሄዱ ናቸው። እኛ እዚያው ጊምቢ ወረዳ፣ ቶሌ ቀበሌ ተወለድን። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በአማሮች ላይ በደረሰው ጭፍጨፋ አጎታችን ተገደለ። ደሴ መጥተን ሰኞ ገበያ ቤት ተከራየን። ወንድሜ ዓመት ከምናምን እዚህ ኖሮ ወጣ። አሁን ጀርመን ለጥገኝነት ኢንተርቪው ተጠርቷል። ጓደኛው «ደሴን አታንሳ፣ ከወለጋ በቀጥታ ወጣሁ በል» አለው። ምን ትላላችሁ? ከዚህስ ምን ወረቀት ልላክለት?

ኑረንበርግ ያለሁ፦
አብሽሪ እህቴ። ግን እንዳይደብቅ! አንዷ ውሸት ከተያዘች እውነቱንም አያምኑትም። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት ዘርን፣ ሃይማኖትን፣ ዜግነትን፣ የማኅበራዊ ቡድን አባልነትንና የፖለቲካ አመለካከትን ይቆጥራል። የብሔር ጉዳይ በዘር ውስጥ ይታያል። ይሁንና «አማራ ስለሆንኩ ነው» ብቻ አይበቃም። እሱ ራሱ ምን ደረሰበት? ማን አደረሰው? መንግሥት ለምን አላዳነውም? ዛሬ ቢመለስ ምን ይጠብቀዋል? ከዚያ ያቺ ጥያቄ ትመጣለች፦ ሌላ የአገሪቱ ክፍል በሰላም መኖር ይችል ነበር ወይ? እኔን ያላበኝ እሷ ናት። ወላጆቹ የወሎ ሰዎች ከሆኑማ «አገርህ ገባህ አይደል?» ነው የሚሉት። ደሴ ላይ ሕይወቱ እንዴት ነበር?

ጠያቂ፦
መታወቂያ አላገኘም። «መሸኛ አምጣ» ይሉታል። ከቶሌ ማን መሸኛ ይሰጠዋል? ያለ መታወቂያ ሥራ የለም። በ2015 ክረምት የመንግሥትና የፋኖ ጦርነት አማራ ክልልን ካዳረሰው በኋላ ደግሞ ሁለቴ ታፍሶ አድሯል።

ኑረንበርግ ያለሁ፦
ይኸው መልሱ! እሱን ነው ሊደብቅ የነበረው? መቼ ተያዘ፣ የት አደረ፣ ምን ብለው ለቀቁት፣ አንድ በአንድ ይናገር። ያልሆነውን ግን አይጨምር።

እኔም ጀርመን ነኝ፦
የኔ ወንድም ተፈናቃይ ነበር፣ ግን ኔጋቲቭ፣ ማለትም ጥያቄህ ውድቅ ነው የሚል መልስ መጣለት። አዲስ አበባ መኖር ትችላለህ አሉት። ለአዲስ አበባም ይዘጋጅ።

ተርጓሚ፣ ከኮምቦልቻ፦
ስለ ወረቀቱ፦ የተፈናቃይ ምዝገባውን፣ የቤት ኪራይ ውሉን፣ ካለም የአጎታችሁን ፎቶ ላኪለት። ከደላላ የተገዛ ማኅተም ግን ኬዙን ይገድለዋል። ስለ ቶሌ አምነስቲ ኢንተርናሽናልና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ያወጡት አለ፤ ጠበቃው ያያይዘው። እነሱ ጭፍጨፋው መድረሱን ያሳዩለታል፣ እሱ እዚያ እንደነበር የሚያሳየው ግን የራሱ ቃል ነው።
ሌላው ቀን ነው። የኛ 2014 ሰኔ፣ የነሱ 2022 ጁን ነው። ሰዓቱም እንደዚሁ፤ ጠዋት 3 ሰዓት ያለው «3 ሰዓት» ተብሎ ከተጻፈ ለነሱ ውድቅት ነው። ኢንተርቪው ሲያልቅ ፕሮቶኮሉን፣ ቃሉ የተጻፈበትን ወረቀት ማለት ነው፣ ያነቡለታል። ያልገባውን ሳያስተካክል እንዳይፈርም።

ጠያቂ፦
አሁን ደወልኩለት። ለጠበቃው በሰጠው ጽሑፍ ላይ ጥቃቱ የተጀመረው «3 ሰዓት» ይላል፤ ጠዋት የሚል ቃል የለበትም። ነገ ሄዶ ያስተካክላል።