የጡረተኞቻችንን ትዝታ በድምፅ ለማስጻፍ፦ የጋራ ዕቅድ

ጸሐፊ፦
ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን ዕቅድ እዚሁ ተነጋግረን ብንቋጨው ደስ ይለኛል። የተነሣነው በምድር ባቡር ያገለገሉ አባቶችና እናቶች የሚያስታውሱትን ሲናገሩ ኮምፒውተሩ በአማርኛ እንዲጽፍላቸው ነው። ባቡር ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ወርክሾፑን ከውስጥ የሚያውቁት ግን በየዓመቱ እየተለዩን ነው። ከቀሩትም ብዙዎቹ ዓይናቸው ደክሟል፣ ኪቦርድ አይሆንላቸውም። ጉግል በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አማርኛን በድምፅ ከሚጻፉ ቋንቋዎች ጋር ስለጨመረው ለሶፍትዌር የምንከፍለው የለም። በረቂቁ የጠየቅኩት አዲስ ላፕቶፕ ብቻ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ላፕቶፕ እኮ ቢሮ አለን። ኢንተርኔት የምናይበትን ክሮም ከከፈተ ምን ጎደለው?

የኮምፒውተር ጥገና የሚሠራው አባል፦
ያለው ይበቃናል። ድምፁ ወደ ጽሑፍ የሚለወጠው በኢንተርኔት ሄዶ ጉግል ሰርቨር (የጉግል ትልልቅ ኮምፒውተሮች) ላይ ስለሆነ የላፕቶፑ ጉልበት ብዙ ለውጥ አያመጣም። ገንዘቡን ማይኩ ላይ እናውለው። የላፕቶፑ ማይክ ከአፍ ይርቃል፤ የጣሪያውን ቬንትሌተርም የውጭውን ባጃጅም ከተናጋሪው ጋር አብሮ ይሰበስባል። እኔ የምመርጠው በዩኤስቢ የሚሰካ፣ ራስ ላይ የሚጠለቅ፣ ማይኩ ወደ አፍ የሚመጣ ሄድሴት ነው። ማይኩ ከከንፈር ጥግ ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ ወደ ጎን ይሁን፤ ፊት ለፊት ከሆነ ትንፋሽ ይመታዋል። ስፖንጅም ይልበስ። ከተሰካ በኋላ ክሮም ላይ ሄድሴቱ መመረጡ ይታይ፤ አለዚያ ማንም ሳያውቅ በላፕቶፑ ማይክ ሊቀጥል ይችላል። ከዚያ የጉግል የጽሑፍ ገጽ፣ ጉግል ዶክስ፣ ተከፍቶ «ቱልስ» ውስጥ «ቮይስ ታይፒንግ»፣ ቋንቋውም አማርኛ። አራት ነጥብ በአማርኛ ቢነግሩት አያስገባም፤ ሌላ ታብ ሲከፈትም መስማቱን ያቆማል። ስለዚህ አጠገባቸው ተቀምጦ ነጥቡን የሚያስገባ፣ የተሳሳተውን የሚያርም ሰው የግድ ነው። የዚህ ሰው አበል ረቂቁ ውስጥ የለም፤ ለኔ ከሁሉ በላይ የጎደለው እሱ ነው።

የሳቢያን ሰፈር ተወካይ፦
በግንቦት ቬንትሌተር ማጥፋት አይታሰብም፣ አረጋውያኑን እናሳምማቸዋለን። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ብናደርገውስ? ከዚራ ሰፈር ካሉት የድሮ ቤቶች ግድግዳው ወፍራም የሆነ አንድ ክፍል ብንለምን ሙቀቱም ጫጫታውም ይቀልልናል። ምንጣፍና ከበድ ያለ መጋረጃ ካለ ደግሞ ድምፁ አያስተጋባም። ሌላው፣ የአባቴ ድምፅ በካሴት አለኝ፤ በስፒከር ብናሰማው አይጽፍልንም?

የጥገናው አባል፦
እህቴ፣ በስፒከር የወጣ የካሴት ድምፅ ብዙ ቃል ይስታል። አንቺ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሽ አባባ ያሉትን ቃል በቃል በራስሽ ድምፅ ለማይኩ ድገሚለት። በውጭ አገር ለቀጥታ የቴሌቪዥን ስርጭት የግርጌ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ሰዎችም እንዲህ ይሠራሉ።

ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ፦
ልጆቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ሳወራ ግን ኦሮምኛውም ሶማልኛውም ፈረንሳይኛውም አብሮ ይመጣል። የወርክሾፑን ዕቃ በአማርኛ ጥራ ብትሉኝ አልችልም። ደግሞ ስለ ሰው የማነሳው አለ፣ አደባባይ እንዲወጣ የማልፈልገው።

የጥገናው አባል፦
ጋሼ፣ እርስዎ እንደልብዎ ያውሩ። ሶፍትዌሩ በአንድ ጊዜ የሚሰማው የተመረጠለትን አንድ ቋንቋ ነው፤ ሌላው ሲመጣበት በመሰለው የአማርኛ ቃል ይተካዋል። ስለዚህ ጎን ለጎን በስልክ እንቀዳዎታለን፣ አራሚው ቅጂውን እየሰማ የእርስዎን ቃል ወደ ቦታው ይመልሳል። ሰው የሚነካ ነገር ሲመጣ ግን ቀድመው ይንገሩን፤ ድምፁ በኢንተርኔት ስለሚሄድ ማይኩንም ስልኩንም አጥፍተን በእጅ እንጽፈዋለን። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ዊስፐር የሚባል አለ፣ አማርኛው ገና ደካማ ስለሆነ አልመክረውም።

ገንዘብ ያዥ፦
ላፕቶፑን ሰርዣለሁ። በምትኩ ሁለት ሄድሴት፣ መጋረጃና ምንጣፍ፣ መብራት ሲጠፋም እንዳንቆም የስልክ ዳታ ጥቅል፣ የሁለት አራሚዎች አበል። ትልቁ ወጪ አበሉ ይሁን፤ ጉባኤው ከጠየቀ እኔ አስረዳለሁ።

ጸሐፊ፦
እንዲሁ አሻሽዬዋለሁ። ተናጋሪው የትኛው ይታተም፣ የትኛው ይቅር የሚለውን ራሱ የሚወስንበት የፈቃድ ቅጽም ጨምሬያለሁ፤ ጋሼ፣ ቀድመው ይዩልኝ። የሄድሴት ፕሮፎርማ ከሦስት ሱቅ እስከ ዓርብ ይድረሰኝ። ከመግዛታችን በፊት አንዱን ተውሰን ቅዳሜ ጠዋት ከጋሼ ጋር እንሞክረዋለን።